ሲጽፍ የከበረ፥ ሲወራረድ የከሰረ ደራሲ
የኤድጋር ዋላስ የሕይወት ታሪክ

ከቦሌ ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ወደ የካ የሚሄድ መንገደኛ ባልደራስ የሚባለውን ሰፈር ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። ስሙን በየዕለቱ ከሚጠሩት ተማሪዎችና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች መካከል ግን ባልደራስ ማለት የቤተ መንግሥት ፈረሶች አዛዥ የነበረው ሹም ማዕርግ መሆኑን የሚያስታውሱት ጥቂቶች ይመስሉናል። ፈረስ በአገራችን ከጌታው ጋራ በስም የሚተካከል እንስሳ ነበር። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው፤ ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦራችንም ቃኘው መባሉ ከዚሁ ከራስ መኰንን የፈረስ ስም የተወሰደ ነው። በጃን ሜዳም ጉግሱና ግልቢያው በሚደራበት ቀን ሕዝቡ ዳር ይዞ ሲመለከት ይውል ነበር።

በእንግሊዝ አገርም ፈረስ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ክብሩ ከገንዘብ ጋራ ተቆራኝቷል። የፈረስ እሽቅድምድም ትልቅ ንግድ ነው፤ ንግድ ባለበት ተንኰል፥ ተንኰል ባለበትም ተንኰሉን ፈልፍሎ የሚጽፍ ደራሲ አይጠፋም። በእሽቅድምድም ሜዳ ዙሪያ የሚፈጸመውን ወንጀል በልብ ወለድ አስጊጠው ካቀረቡት ደራስያን አንዱ ኤድጋር ዋላስ ነበር። የዚህን ሰው ታሪክ ለዛሬ የመረጥንበት ምክንያት አለን። የውርርዱን ተንኰል ሁሉ አብጠርጥሮ የጻፈው ይኸው ሰው፥ እርሱ ራሱ በዚያው ሜዳ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ሲታለል የኖረ ነውና። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኤድጋር ዋላስ በ1875 በአፕሪል ወር የመጀመሪያ ቀን ግሪኒች በሚባለው የሎንዶን ሰፈር ተወለደ። እናቱ ፖሊ ሪቻርድስ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ቴአትር ከሚያሳይ ቡድን ጋራ የምትሠራ ተዋናይት ነበረች። አባቱም የዚያው ቡድን ተዋናይ ሲሆን፥ ሴትዮዋ እርግዝናዋን ደብቃ ስለ ወለደች ልጅ እንዳለው እንኳ አላወቀም። ሕፃኑ ገና የቀናት ዕድሜ ሳለ ጆርጅ ፍሪማን ለሚባል የዓሣ ገበያ ተሸካሚና ለሚስቱ ለማሳደጊያ ተሰጠ። ፍሪማኖች ራሳቸው ብዙ ልጆች የነበሯቸው ድኾች ናቸው። እናቱ የማሳደጊያውን ገንዘብ መክፈል ባቃታት ጊዜ ልጁን ለድኾች መጠለያ መስጠት ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን አልጨከኑበትም፤ እንደ ልጃቸው አድርገው አሳደጉት።

ልጁ 11 ዓመት ሲሆነው ሎንዶን መካከል ለድጌት ሰርከስ በሚባል አደባባይ ጋዜጣ እየዞረ ይሸጥ ጀመር። በ12 ዓመቱ ገደማ ትምህርቱን ተወ። ከዚያ በኋላ የሠራውን ሥራ ብንቈጥር ገጻችን አይበቃንም፤ በማተሚያ ቤት፥ በጐማ ፋብሪካ፥ በጫማ ሱቅ ሠርቷል፤ በዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሆኗል፤ ወተትም አድሏል። አንዱንም አልወደደውም። በ1894 ወታደር ሆኖ ተቀጠረ፤ ሲመዘገብም ኤድጋር ዋላስ ነኝ አለ። ዋላስ የሚለውን ስም የወሰደው ቤን ሐር የተባለውን መጽሐፍ ከደረሰው ከአሜሪካዊው ከሉ ዋላስ ነው ይባላል። አባቱን የማያውቅ ልጅ ስሙን ከመጽሐፍ ሽፋን ላይ መምረጡ ያስደንቀናል፤ ግን ምን ያድርግ፥ የሚወርሰው ስም አልነበረውም።

በ1896 ክፍለ ጦሩ ወደ ደቡብ አፍሪካ ላከው። ይህ ዓመት አባቶቻችን በየካቲት ወር በዐድዋ ድል ያደረጉበት፥ በእኛ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም. የዋለበት ዓመት ነው። ዋላስ በዚያ አገር ሳለ ግጥም ይጽፍ ጀመር፤ ግጥሞቹ በጋዜጣ ሲታተሙለት የወታደርነቱን ውል በገንዘብ አፍርሶ በ1899 ከጦር ሠራዊቱ ወጣ። ወዲያው በእንግሊዞችና በቦየሮች መካከል ጦርነት ተነሣ፤ እርሱም በመጀመሪያ ለሮይተር፥ በኋላም ለዴይሊ ሜይል የጦር ሜዳ ዜና አቀባይ ሆነ።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለ ያደረገውን አንድ ነገር ሰፋ አድርገን እንተርከው፤ የወደፊት ደራሲነቱ በሙሉ እዚህ ውስጥ ይታያልና። በ1902 ሁለቱ ወገኖች ፈሪኒኪንግ በሚባል ስፍራ ለዕርቅ ተቀመጡ። የጦር አዛዡ ሎርድ ኪችነር ጋዜጠኞች ወደ ሰፈሩ እንዳይጠጉ ከለከለ፤ የሚላከውም ዜና ሁሉ በሳንሱር ያልፍ ነበር። ዋላስ ግን ከዘበኞቹ መካከል የቀድሞ የጦር ጓደኛውን አገኘ። ዋላስ በሰፈሩ አጠገብ በሚያልፈው ባቡር እየተሳፈረ ይመላለሳል፤ ጓደኛውም ባቡሩ ሲያልፍ አፍንጫውን የሚጠርግ መስሎ መሐረብ ያወጣል። የመሐረቡ ቀለም ምልክት ነው፤ አንዱ ቀለም ገና ነው፥ ሌላው ነገሩ እየቀና ነው፥ ነጩ ደግሞ ውሉ ተፈረመ ማለት ነው። ዋላስ የወሬውን ፍሬ የአክሲዮን መግዣና መሸጫ ትእዛዝ አስመስሎ በቴሌግራም ወደ ሎንዶን ላከ፤ ሳንሱሮቹም የንግድ ጉዳይ መስሏቸው አሳለፉት። ጋዜጣው ወሬውን ከመንግሥት ቀድሞ አወጣ። ኪችነርም ተቈጥቶ ዋላስን ከጦር ዜና አቀባይነት ከለከለው። በእንግሊዝ የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ ውርርድ ተቀባዮች ነጭ ጓንት እያጠለቁ በእጅ ምልክት ዋጋ ይነጋገሩ ስለ ነበር፥ ዋላስ ወደዚያ ሜዳ በመጣ ጊዜ የምልክት ቋንቋ እንግዳ አልሆነበትም ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ በጆሐንስበርግ የራንድ ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ፤ ነገር ግን በአክሲዮን ጨዋታ ያለውን ገንዘብ ሁሉ አጥፍቶ በ1903 ባዶ እጁን ወደ ሎንዶን ተመለሰ። በዚሁ ዓመት የሆነውን ነገር ብንዘለው ደስ ባለን፤ ግን እውነቱ መቅረት የለበትም። ፈልጋው የማታውቀው እናቱ፥ አርጅታና ታማ፥ የልጅዋ ስም በጋዜጣ መታወቁን ሰምታ ከቤቱ መጣች። ዋላስ ጥቂት ፓውንድ ሰጥቶ አሰናበታት። በዚያው ዓመት ብራድፎርድ በምትባል ከተማ በድኾች ሐኪም ቤት ሞተች። በኋላ ዘመኑ ለለማኝም፥ ለሆቴል አሳላፊም፥ ለከሰረ ጋላቢም ገንዘብ እንደ ውሃ ያፈስስ የነበረው ይህ ሰው፥ እጁን የሰበሰበው በእናቱ ላይ መሆኑ እስከ ዛሬ የሚያሳዝን ነገር ነው። ጥላው መሄዷን ይቅር ማለት አልሆነለትም።

በ1905 የመጀመሪያውን የወንጀል ልብ ወለድ ጻፈ። አራቱ ጻድቃን ሰዎች ብለን ልንተረጕመው በምንችለው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንድ የእንግሊዝ ሚኒስትር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገደላል። አሳታሚ ስላላገኘ ዋላስ መጽሐፉን በራሱ ወጪ አሳተመው፤ የሚኒስትሩ አገዳደል እንዴት እንደ ሆነ ለሚያውቅ አንባቢም 500 ፓውንድ ሽልማት እንደሚሰጥ በማስታወቂያ አስነገረ። መጽሐፉ በብዛት ተሸጠ። ነገር ግን ዋላስ የተሸላሚዎቹን ቍጥር መወሰን ረስቶ ኖሯል፤ ትክክለኛውን መልስ የላከ ሁሉ ገንዘቤን አምጣ አለ። የጋዜጣው ባለቤት ሃርምስወርዝ ከ1,000 ፓውንድ በላይ አበድሮ ከውርደት አዳነው። የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው፤ የሌባን ተንኰል በሺሕ መንገድ የሚያሰላ አእምሮ የራሱን ሒሳብ መደመር አልቻለም። የመጽሐፉን መብትም በጥቂት ገንዘብ ሸጠው።

በ1907 በጋዜጣው ላይ በተነሣው የስም ማጥፋት ክስ ምክንያት ከሥራ ተባረረ። በዚያው ዓመት ቤልጂጎች በኮንጎ ሕዝብ ላይ የሚፈጽሙትን ግፍ ሊመረምር ተልኮ ነበር፤ በዚያ ካየው ተነሥቶም ሳንደርስ የሚባል የእንግሊዝ አገረ ገዥን የሚመለከቱ ታሪኮችን ጽፎ በ1911 በመጽሐፍ አወጣ። እንግሊዞች መጽሐፉን ወደዱት። እኛ ግን አንወደውም። የሰውን ግፍ ሊመረምር የሄደ ጋዜጠኛ፥ አፍሪካዊውን በአለንጋ የሚገራ ሕፃን አስመስሎ ሥሎ ተመልሷል። በዐድዋ ዓመት በዚሁ አህጉር የነበረ ሰው ከዚያ ድል ምንም አለመማሩ ያሳዝናል። በ1935 ሳንደርስን በፊልም ሲሠሩት የተጫወተው ታላቁ ጥቍር ዘፋኝ ፖል ሮብሰንም ውጤቱን ካየ በኋላ በመሳተፉ ተጸጽቷል።

ወደ ፈረሱ እንመለስ። ዋላስ ከዴይሊ ሜይል ከተባረረ በኋላ እንጀራ የሆነው የእሽቅድምድም ወሬ ነበር። በየሳምንቱ የትኛው ፈረስ እንደሚያሸንፍ እየገመተ ይጽፍ ነበር፤ የእሽቅድምድም ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ፤ ቀጥሎም ቢበሪስና አር ኢ ዋልተንስ ዊክሊ የተባሉ ሁለት የራሱን ጋዜጦች አቋቋመ። በኋላም ፈረስ መግዛት ጀመረ።

ይህ ዓለም ለወንጀል ልብ ወለድ የተመቸ የሆነበትን ምክንያት ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ባጭሩ እንግለጽ። አንድ ፈረስ አሥር ለአንድ ተባለ እንበል፤ 1 ፓውንድ ያስያዘ ሰው ፈረሱ ካሸነፈለት 10 ፓውንድ ያተርፋል ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚያምነው ፈረስ ዋጋው ጥቂት፥ ማንም የማያምነው ፈረስ ዋጋው ብዙ ነው። እንግዲህ ፈረሱ ጐበዝ መሆኑን ባለቤቱ ብቻ ቢያውቅና ሌላው ባያውቅ ትርፉ ስንት እንደሚሆን ማስላት ቀላል ነው። ከዚህም ጋራ በብዙዎቹ ግጥሚያዎች ጠንካራው ፈረስ ከደካማው ጋራ እኩል እንዲሆን ክብደት ይጫንበታል። ስለዚህ ክፉ ባለ ፈረስ ጋላቢውን ልጓም ሳብ አድርግ ብሎ ፈረሱን ሁለት ሦስት ጊዜ ሆን ብሎ ያሸንፈዋል፤ ክብደቱ ሲቀልለትና ዋጋው ከፍ ሲል ይለቅቀዋል። ሌላው ደግሞ ፈረሱን ይለውጣል። በ1844 በታላቁ የደርቢ እሽቅድምድም ቀድሞ የገባው ፈረስ እንደ ደንቡ የ3 ዓመት ሳይሆን የ4 ዓመት ፈረስ መሆኑ በፍርድ ቤት ተደርሶበት ድሉ ተነጥቋል። ኮናን ዶይልም በ1892 ባወጣው የሸርሎክ ሆምስ ታሪክ ላይ ግንባረ ቦራ ፈረስ ቀለም ተቀብቶ እንዴት እንደ ተደበቀ ተርኳል።

ከሁሉ የሚደንቀን ግን በ1898 የተፈጸመው ነው። ያልታወቁ ሰዎች ትሮድሞር በምትባል የገጠር ከተማ በኦገስት 1 ቀን እሽቅድምድም ይደረጋል ብለው የፈረሶቹን ስም ዝርዝር ስፖርትስማን ለሚባል ጋዜጣ ላኩ፤ ጋዜጣውም አወጣው። በማግስቱ ውጤቱን ላኩ፤ ውጤቱም ታተመ። ሪፐር የሚባል ፈረስ በአምስት ለአንድ አሸንፏል ተባለ፤ በዚህ ፈረስ ላይ ያስያዙትም ሰዎች ገንዘባቸውን ተቀበሉ። ሌላ ጋዜጣ ውጤቱን ሲገለብጥ ዋጋውን አሳስቶ አምስት ለሁለት ብሎ ስላተመው፥ የትኛው ልክ ነው ተብሎ ሲጣራ ትሮድሞር የምትባል ከተማም፥ ሪፐር የሚባል ፈረስም፥ የተሮጠ ሩጫም የሌለ ሆኖ ተገኘ። አታላዮቹ አልተያዙም። ደራሲ ቢፈጥረው ማን ያምነው ነበር!

ዋላስ ይህን ሁሉ ያውቃል። ከአሠልጣኙም፥ ከጋጣ ልጁም፥ ከመርማሪ ፖሊሱም፥ ከሌባውም ጋራ ሻይ ይጠጣል፤ የሁሉንም አነጋገር ያውቃል። ከዚሁ ዓለም ካወጣቸው ሰዎች ሁሉ የተዋጣለት ኢቫንስ ነው። ከ1924 ጀምሮ በሦስት መጻሕፍት የምናገኘው ይህ ሰው በካምደን ታውን ሰፈር የሚኖር፥ የተማርሁ ነኝ ባይ፥ የትኛው ፈረስ እንደሚያሸንፍ ምክር እየሸጠ የሚኖር ምስኪን ነው። ነቢይ ነኝ ይላል፤ ትንቢቱ አይደርስም፤ አንዳንዴ በስሕተት ሲደርስለት ደግሞ ገንዘቡን ሳይወስድ ይቀራል። ከኋላው የሚከታተለውም ገለባ ማላመጥ ልማዱ የሆነ መርማሪ ፖሊስ አለ። በዚያን ጊዜ በመንገድ ላይ ውርርድ መቀበል በ1906 ሕግ የተከለከለ ነበርና፤ ከእሽቅድምድሙ ሜዳ ውጭ የውርርድ ሱቅ በሕግ የተፈቀደው በ1961 ነው። እኛ እንደሚመስለን ዋላስ ኢቫንስን በዚህ ዐይነት አሳምሮ ሊሥለው የቻለው መስተዋት ፊት ስለ ተቀመጠ ነው። በ1929 በሎንዶን የታየው ዘ ካሌንደር የተባለው ቴአትሩም እንዲሁ ነው። ገንዘብ ያለቀበት ባለ ፈረስ ፈረሱ እንዲሸነፍ አስቦ ለወዳጁ ሴት በደብዳቤ ይገልጽላታል፤ ከዚያ ኅሊናው ይወቅሰውና ሐሳቡን መለወጡን በ100 ፓውንድ ኖት ጀርባ ላይ ይጽፍላታል፤ ክብሩ ሁሉ በዚያች ኖት ላይ ይንጠለጠላል።

የዋላስ የራሱ ፈረሶች ግን እንደ ልብ ወለዱ ፈረሶች አልሮጡለትም። ብዙ ሺሕ ፓውንድ በውርርድ ጠፋበት። እርሱ ግን አዋቂ ነኝ ማለቱን አልተወም፤ ሲሸነፍ ምክንያት አያጣም፤ ሜዳው ጭቃ ነበር፥ ጋላቢው ዘገየ ይላል። ይህ አነጋገር ለአዲስ አበባ ወጣት እንግዳ አይሆንበትም፤ በቅርብ ዓመታት በከተማችን የስፖርት ውርርድ ሲስፋፋ፥ ደሞዙን በእንግሊዝ ኳስ ላይ አስይዞ ዳኛውን ሲረግም የዋለ ጓደኛ የሌለው ጥቂት ነውና።

የጠፋውን ለመተካት ዋላስ ይጽፋል፤ እንዲያውም ይናገራል ማለት ይሻላል። ድምፅ በሚቀዳ መሣሪያ ላይ ታሪኩን በቃሉ ይናገራል፤ ሮበርት ከርቲስ የሚባለው ጸሐፊው በመኪና ይጽፈዋል። ቀኑን ሙሉ ሲጋራውን በረጅም መያዣ እያጤሰ፥ ስኳር የበዛበት ሻይ እየደጋገመ ይውላል፤ በእግሩ መሄድ አይወድም። በ1931 የወጣውን አንድ ሙሉ መጽሐፍ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ጨርሷል። ኦን ዘ ስፖት የተባለውን ቴአትር በ4 ቀን ጻፈ። በዕድሜው ከ170 በላይ ልብ ወለድ፥ ብዙ ቴአትርና ወደ አንድ ሺሕ የሚጠጉ አጫጭር ታሪኮች አወጣ። በእንግሊዝ አገር ከሚነበቡት አራት መጻሕፍት አንዱ የእርሱ ነው ይባል ነበር። ሁሉም ጥሩ ናቸው ለማለት አንደፍርም፤ ብዙዎቹ የችኰላ ሥራ መሆናቸው ያስታውቃል። ገንዘቡም በገባበት በር ይወጣል፤ ቢጫ ሮልስ ሮይስ ነበረው፤ በአስኮት ሜዳ ልዩ መቀመጫ፥ በገጠርም ትልቅ ቤት ነበረው።

በ1931 ለፓርላማ ምርጫ በብላክፑል ከተማ ቀርቦ ከ33,000 በሚበልጥ ድምፅ ተሸነፈ። ዕዳው ስለ ከበደ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሆሊውድ ተሻገረ። እዚያም ስለ አንድ ግዙፍ ዝንጀሮ ለሚሠራ ፊልም የመጀመሪያውን ረቂቅ ጻፈ፤ ይህም በ1933 ዓለም ሁሉ ያየው ኪንግ ኮንግ ነው። ዋላስ ግን ፊልሙን አላየውም። ሳይታወቅለት በኖረ የስኳር በሽታ ላይ የሳንባ ምች ተጨምሮበት በ1932 በፌብሩዋሪ 10 ቀን በ56 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ወደ አገሩ ሲመለስ በሎንዶን የጋዜጦች መንደር በፍሊት ስትሪት ባንዲራዎች ዝቅ ተደረጉ፤ የሴይንት ብራይድ ቤተ ክርስቲያንም ደወል ተደወለ።

መዝገቡ ሲከፈት ከ100,000 ፓውንድ በላይ ዕዳ ተገኘ። ሁለተኛ ሚስቱ ቫዮሌት ዕዳው ተከፍሎ ሳያልቅ በዓመቱ ሞተች። መጻሕፍቱ ግን መሸጣቸውን አላቆሙም፤ ሕይወቱን ሙሉ በፈረስ ያጣውን፥ ከሞተ በኋላ በ2 ዓመት ገደማ ውስጥ አንባቢዎቹ በጥቂት ሳንቲም እየገዙ ከፈሉለት። ጀርመኖችም ከ1959 ጀምሮ በታሪኮቹ ብዙ ፊልሞች ሠርተዋል። በፈረስ ወንጀል ልብ ወለድ ግን ዙፋኑን የወረሰው ዲክ ፍራንሲስ ነው፤ እርሱ ራሱ የታወቀ ጋላቢ ሲሆን፥ በ1956 በታላቁ ግራንድ ናሽናል ላይ የንግሥቲቱን እናት ፈረስ ይዞ አሸነፈ ሲባል ፈረሱ ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ድንገት ተንበረከከበት። ምክንያቱ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ፍራንሲስ ከ1962 ጀምሮ ከ40 በላይ መጻሕፍት ጽፎ በ2010 ሞተ፤ ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ ጻፋቸው የፈረሱ ላብ በውስጣቸው ይሸታል። ዋላስ ሜዳውን ያየው ከአጥሩ ማዶ፥ የውርርድ ወረቀቱን በእጁ ጨብጦ ነበር።

ዛሬ ሎንዶን የሚሄድ ተማሪ በለድጌት ሰርከስ ቢያልፍ፥ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ጋዜጣ ይሸጥበት በነበረው ማዕዘን ግድግዳ ላይ የኤድጋር ዋላስ ፊት በነሐስ ተቀርጾ ያየዋል።